ወንፊት፣ ሰፌድ ወይስ በጣት መልቀም? የተቀረጸ ድምፅን ከጫጫታ ለማጥራት የትኛው መንገድ ይሻላል

አያቴ የምትኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ነሐሴ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ተረቷን በስልኬ ቀረጽኩ። "ተረት ተረት" አለች። "የላም በረት" አልን። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አያቴ ለዝናብ ብላ ተረት የምታቋርጥ ሴት አይደለችም። እኔም መቅረጹን አላቆምኩም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፋይሉን ኮምፒዩተር ላይ ከፈትኩት። ጫጫታ መቀነሻውን እስከ ጥግ ገፋሁት። ዝናቡ ጠፋ። አያቴም አብራው ጠፋች። ድምፅዋ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። "ጠ" ያለችው "ተ" ይመስላል፤ የቃላቱ ጫፍ ተበልቷል። በቃላቱ መሀል ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ደግነቱ ዋናው ፋይል በእጄ ነበር።

ጎንደር ላይ ቃለ ምልልስ፣ ስብከት፣ ማሲንቆ፣ በገና ወይም የሽማግሌ ታሪክ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ከዝናብ፣ ከጄኔሬተርና ከባጃጅ ጋር ይታገላል። ጫጫታ መቀነሻ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚሆንለት ቦታ አለው። አንዱን በሌላው ቦታ ሲጠቀሙበት ነው ድምፁ የሚበላሸው።

እናቶቻችን እህል ሲያዘጋጁ በአንድ መሣሪያ ብቻ አይሠሩም። አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ። ገለባውን በሰፌድ ያበጥራሉ። ጠጠሩን በጣት ይለቅማሉ። ድምፅ ማጥራትም እንደዚያው ስለሆነ በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዲገባን

ስልካችን ሲቀርጽ የአየሩን ግፊት በሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ያስቀምጣል። እዚያ ቁጥር ውስጥ ዝናቡና አያቴ ተደምረዋል። ቁጥሩን በማየት ብቻ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስፔክትራል ማጣሪያ ይህን ድምር መልሶ ይበትነዋል። ድምፁን በአጫጭር ቁራጮች ይቆርጣል። እያንዳንዱን ቁራጭ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድረስ በብዙ መቶ መስመሮች ይዘረዝረዋል። የየመስመሩን ጉልበት ያያል፤ የማይፈለገውን ይቀንሳል፤ ከዚያ መልሶ ይገጥመዋል። የሒሳቡ መሠረት የፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉርየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያጠና ነው ያሳተመው። በኮምፒዩተር በፍጥነት እንዲሠራ ያስቻለውን ዘዴ ደግሞ ኩሊና ቱኪ በ1965 አወጡት። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ያለ ድካም ይሠራዋል።

የድምፅ ቅጥነት በኸርዝ ይለካል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። የወንድ ንግግር መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ግድም፣ የሴት ከ165 እስከ 255 ግድም ነው። "ሰ" ስንል ግን አብዛኛው ጉልበት ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። "ሸ" ከእሷ ዝቅ ትላለች። ከላይ ያለውን ሁሉ በደፈናው የቆረጠ ሰው "ሰ" እና "ሸ"ን ያደባልቃል።

ወንፊቱ፦ ቆራጭ ማጣሪያና ኢኪው (ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው)

ይሄ ከሁሉም ቀላሉና ጉዳቱ ትንሹ ነው። "ከዚህ በታች ያለውን አላሳልፍ" የሚል ማጣሪያ በሁሉም ፕሮግራም ውስጥ አለ። ንፋስ ማይኩን ሲመታ፣ ጠረጴዛ ሲነካ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚፈጠረው ጉርምርምታ አብዛኛው ከ80 ኸርዝ በታች ነው። የሰው ንግግር እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ቁረጡት። ንግግር ስቀርጽ ሌላ ምንም ባላደርግ እንኳ ይህን አደርጋለሁ።

የመብራት እምምታ፣ ያ "እምም" የሚለው ድምፅ፣ ግን ትንሽ ያታልላል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ደካማ ገመድ ወይም የተሰካ ቻርጀር ቀረጻው ውስጥ ያስገባዋል። ከ80 በታች ስትቆርጡ 50ው ይሄዳል፤ እምምታው ግን አይሄድም። ምክንያቱም ብቻውን አይደለም፤ 100፣ 150፣ 200 እያለ እጥፍ እጥፉን ይዞ ነው የሚመጣው። በስልክ ስፒከር ስትሰሙ ጆሯችሁ ላይ የሚደርሰውም ይኸው እጥፉ ነው፤ 50ውን ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ስለዚህ በየእጥፉ ላይ በጣም ጠባብ ቁራጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ሰፊ ካደረጋችሁት የወንድ ድምፅ ደረቱን ያጣል።

ጄኔሬተር ሌላ ነው። ጭነት ሲጨምርበት ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሲቀልለት ይወጣል። መስመሮቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ጠባቡ ማጣሪያ ባለበት ቆሞ ይቀራል፤ እምምታው በጎኑ ያልፋል። ጄኔሬተር ካለ ወደ ሰፌዱ እለፉ።

ኖይዝ ጌት የሚባለውንም ላንሳው። ሰው ዝም ሲል የሚዘጋ፣ ሲናገር የሚከፈት በር ነው። ንግግር ላይ አልመክረውም። ተናጋሪው አፉን በከፈተ ቁጥር ዝናቡ አብሮት ይገባል፣ ዝም ሲል ጭር ይላል። ለሰሚው ከማያቋርጥ ዝናብ የባሰ ያሰለቻል።

ሰፌዱ፦ የጫጫታውን መልክ አስተምሮ መቀነስ

ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ይህን ነው። የምታበላሹትም በዚሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ እንቆይ።

ስቲቨን ቦል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው ሳይናገር ጫጫታው ብቻውን የሚሰማበት ቦታ ፈልግ። በየመስመሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለካ። ከዚያ ከጠቅላላው ቀረጻ ላይ ያንን ያህል ቀንስ። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ብዙ አሻሽለውታል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ከሐሳቡ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሚሠራው ባለበት ለሚቆይ ጫጫታ ነው፦ ለማራገቢያ፣ ለፍሪጅ፣ ጭነቱ ብዙም ለማይለዋወጥ ጄኔሬተር፣ ለቀጥ ያለ ዝናብ፣ "ሽ" ለሚለው የማይኩ የራሱ ሽሽታ። ለባጃጅ ጡሩምባ አይሠራም፤ ናሙናው ውስጥ የለማ። ሁለተኛ፣ ናሙናው ያስፈልጋችኋል። ቀረጻ ስትጀምሩ "እስቲ ለአሥር ሴኮንድ ሁላችንም ዝም እንበል" በሉ። ሰዉ መጀመሪያ ይገረማል፣ ኋላ ይለምደዋል። ማይኩ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ መስኮቱ እንደነበረ ሆኖ።

በነጻ ከሚገኙት ፕሮግራሞች ሁለቱን ላወዳድር።

ኦዳሲቲ ለጀማሪ ይሻላል። ጫጫታው ብቻ ያለበትን ቦታ ትመርጣላችሁ፤ ኖይዝ ሪዳክሽን ውስጥ ገብታችሁ ፕሮፋይል (የጫጫታውን መልክ) ያዝ ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ሁሉንም መርጣችሁ ትሠሩበታላችሁ። ሦስት መቆጣጠሪያ አለው፦ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይቀንስ፣ ምን ያህል ንቁ ይሁን፣ ጎረቤት መስመሮችን ምን ያህል አብሮ ያለስልስ። ከሁሉም የምወደው ግን "ሬዚዱ" የምትለውን ምርጫ ነው። እሷን ስትነኩ የሚጣለውን ብቻ ያሰማችኋል። በሚጣለው ውስጥ የሰው ቃል ከሰማችሁ አብዝታችኋል ማለት ነው። ዝናብ ብቻ እስኪሰማ ድረስ ቀንሱ። ያን ማታ ይህችን ምርጫ አውቃት ቢሆን ኖሮ አያቴን ገና ሲጀመር አላጠፋትም ነበር።

ሪያፊር ደግሞ ሪፐር በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያለ፣ ለብቻውም በነጻ የሚወርድ ማጣሪያ ነው። ፋይሉን አይለውጥም፤ እየሰማችሁ ይሠራል፤ ካልወደዳችሁት ታነሱታላችሁ። "ሰብትራክት" በሚለው አሠራሩ ጫጫታው ሲሰማ ፕሮፋይል እንዲገነባ ታዙታላችሁ፤ ቀይ መስመር ሲሳል ታያላችሁ። ከዚያ መገንባቱን የግድ አጥፉት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ ማጣሪያውም የተናጋሪውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ይማርና ይቀንሰዋል። መስመሩን በማውስ ዝቅ ከፍ ማድረግ መቻሉ ለትዕግሥተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ልዩነታቸው ድምፁ የሚቆረጥበት ቁራጭ ርዝመት ነው። ኦዳሲቲ 2048 ልኬት ብሎ ራሱ ወስኖላችኋል። በ44,100 ሒሳብ ይህ 46 ሚሊሴኮንድ ነው፤ መስመሮቹም በየ21.5 ኸርዙ ይሰለፋሉ። ሪያፊር ግን እናንተው ምረጡ ይላል። 8192 ብትሉት መስመሮቹ በየ5.4 ኸርዙ ይጠጋጋሉ፤ የመብራት እምምታን ነጥሎ ለማውጣት ግሩም ነው። ቁራጩ ግን 186 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። 512 ብትሉት ጊዜው 12 ሚሊሴኮንድ ሆኖ ይጠራል፤ መስመሮቹ በየ86 ኸርዙ ይራራቃሉ። አንዱን ስታገኙ ሌላውን ታጣላችሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ የለም።

ይህ ለአማርኛ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ለቅጽበት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ጠብ ይላል። "ጣለ" እና "ታለ" የሚለያዩት በዚያች ጸጥታና በዚያች ፍንዳታ ነው። ቁራጩ ሲረዝም ፍንዳታዋ በቁራጩ ሁሉ ላይ ትበተናለች፤ ጸጥታዋ ትሞላለች። ስለዚህ አማርኛ ንግግር ላይ ከ1024 እስከ 2048 ባለው ውስጥ ቆዩ። ረጅሙን ቁራጭ ሰው ለማይናገርበት እምምታ ተዉት።

ስንት ዴሲቤል? 6 ዴሲቤል ሲቀነስ የጫጫታው ሞገድ ግማሽ ይሆናል። 12 ሲቀነስ ሩብ፣ 20 ሲቀነስ አሥረኛ። እኔ ንግግር ላይ ከ6 እስከ 10 ባለው ውስጥ ነው የምቆየው። የአያቴን ተረት በመጨረሻ በ8 ነው የሠራሁት። ዝናቡ ከኋላ ይሰማል። እሷ ከፊት ናት። ጫጫታው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ባላችሁ ቁጥር ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ፉጨት ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም መስመር ሲቆረጥ ተርፈው የቀሩት ጥቂት መስመሮች ብቻቸውን እንደ ዜማ ይሰማሉ። ትንሽ ጫጫታ ሲተው እነሱም ይሸፈናሉ።

ስለ በገና አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። አንድ በገና የሚደረድሩ አባት ቤታቸው ቀርጬላቸው፣ በሰፌዱ አጥርቼ ወሰድኩላቸው። ሰሙና "ልጄ፣ ጉሮሮውን ዘጋኸው እኮ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው ጅማቱና መቀመጫው መሀል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። ያ ንዝረት ብዙ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አንዱ ጅማት ተመትቶ እየከሰመ ሲሄድ ቀጫጭኖቹ ከጫጫታው ከፍታ በታች ይወርዳሉ፤ ሶፍትዌሩም ጫጫታ ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። የቀረው እንደ ክራር ጥርት ያለ፣ በገና ያልሆነ ነገር ነው። ማሲንቆ ላይም እንደዚያው፤ የጭራው ፍትጊያ ለሶፍትዌሩ ሽሽታ ነው፣ ለኛ ግን ማሲንቆው ራሱ ነው። ጸናጽልም ከላይ ያለው ጥራቱ ይደበዝዛል። ለእነዚህ መሣሪያዎች ከ3 ወይም 4 ዴሲቤል አትለፉ። ሌላ ቀን፣ ጸጥ ባለ ሰዓት መልሶ መቅረጽ ከሁሉም ይሻላል። እሳቸው ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ ማለዳ፣ ከተማው ሳይነቃ ቀረጽናቸው።

በጣት መልቀም፦ ስፔክትረሙን እያዩ ማረም

አሁን ወደ ባጃጇ። ተናጋሪው ጥሩ ነገር እየተናገረ ሳለ አንድ ባጃጅ ጡሩምባዋን ነፋች። ናሙና አይረዳም። ኢኪውም አይረዳም። እዚህ ድምፁን በሥዕል መልክ ከፍቶ ማየት ነው። ወደ ጎን ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ ቅጥነት፣ ድምቀቱ ጉልበት። ንግግሩ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚሉ መስመሮች ሆኖ ይታያል። ጡሩምባው ግን ቀጥ ብለው እንደ መሰላል የተደረደሩ አግዳሚ መስመሮች ነው። አንድ ጊዜ ካያችሁት አትረሱትም። መስመሮቹን አንድ በአንድ ትመርጣላችሁ፣ ታወጧቸዋላችሁ፤ ቃሉ በመሀላቸው ይተርፋል።

የአይዞቶፕ ኩባንያ ፕሮግራም፣ አርኤክስ፣ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ባዶ የቀረውን ቦታ ከግራና ከቀኝ እያየ ይሞላል። በክፍያ ነው፤ በዶላር መክፈሉም ለኛ ከባድ ነው። ኦዳሲቲ ውስጥም የስፔክትረም እይታና ከእይታው ላይ መርጦ ማጥፋት አለ። ባዶውን አይሞላም፤ ግን ለጡሩምባ፣ ለስልክ ጥሪ፣ ለወንበር ፍጭጭታ ይበቃል። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። አንድ ደቂቃ ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አውቃለሁ። ስለዚህ የማይደገም ቃል ላይ ብቻ አውሉት።

ወፍጮ ቤቱ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠሩት

እነዚህ ናሙና አይጠይቁም። ንግግር ምን እንደሚመስል ከብዙ ቀረጻ ተምረዋል። በነጻ ከሚገኙት ቀደምት የሆነው አርኤንኖይዝ ነው፤ ዣን ማርክ ቫለን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው። ድምፁን በ22 ክፍል ከፍሎ የየክፍሉን ከፍታ እየተቆጣጠረ በቅጽበት ይሠራል። ሌሎቹ ደግሞ በድረ ገጽ ፋይል ተቀብለው አጽድተው ይመልሳሉ።

ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ የተቀረጸ ቃለ ምልልስ፣ ስኒ እየተንኳኳ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ በሰፌድ አይጸዳም። እነዚህ ያጸዱታል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ንግግር ያልሆነ ሁሉ ለእነሱ ጫጫታ ነው፤ ማሲንቆ አስገብታችሁ ባዶ ልታወጡ ትችላላችሁ። ደግሞ አንዳንዶቹ ከመቀነስ አልፈው ድምፁን እንደ አዲስ ይሠሩታል። ያኔ የሚወጣው የተናገረው ሰው አፍ ያወጣው "ጸ" መሆኑን በጆሮ ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ነው። ለዕለት ሥራ፣ ለዩቲዩብ ወሬ ተጠቀሙባቸው። ለልጅ ልጅ ለሚቀመጥ የሽማግሌ ታሪክ አልጠቀምባቸውም። የግል ጉዳይ የተነገረበትን ቀረጻ ወደ ማላውቀው ድረ ገጽም አልጭንም።

ያው ማጣሪያ ድምፅ ለመለወጥ

ለፊልምና ለሬዲዮ ድራማ ድምፅ የምትሠሩ፣ እስካሁን ጥፋት ያልኩት ሁሉ ለእናንተ መሣሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ቅረጹ። ሪያፊርን "ጌት" ላይ አድርጋችሁ መስመሩን ወደ ላይ ሳቡት። ደካማዎቹ መስመሮች ይረግፋሉ፤ የደወሉ ጥቂት ጠንካራ ድምፆች ብቻ እንደ ክር ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ቁራጩን ወደ 8192 ስታረዝሙት መመታቱ ይሟሟና ከጭጋግ ውስጥ የሚመጣ ዜማ ይሆናል። ኦዳሲቲ ውስጥ ያለው ፖልስትሬች ደግሞ ያችን አንድ ምት ደቂቃ ሙሉ ይዘረጋታል። የዝናብ ድምፅ ከፈለጋችሁ ከንግግር ላይ "ሬዚዱ"ውን አውጡ። የቀሃን ወንዝ ውሃ ቀርጻችሁ፣ በላዩ ላይ የሰው ንግግር ቅርጽ ያለው ኢኪው ስትስሉ ውሃው የሚያጉተመትም ይመስላል። እዚህ ልክ የሚባል ቁጥር የለም። ጆሯችሁን ተከተሉ።

ከሁሉ በፊት

ማይኩን አቅርቡ። ማይኩ ከአፍ 40 ሴንቲሜትር ርቆ ከነበረ ወደ 20 ስታመጡት የተናጋሪው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ዝናቡ ግን ባለበት ነው። ያ ማለት ሰፌዱ ከሚሰጣችሁ ከግማሽ በላዩን ያለ ምንም ጉዳት አገኛችሁ ማለት ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ክፍሉ ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ ካለ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ ስትቀርጹ ግን ሕዝቡን ለማጥፋት አትሞክሩ። እልልታው፣ ከበሮውና ጭብጨባው አንድ ላይ ነው በዓሉ፤ የተቀረጸው እንደተቀረጸ ይቀመጥ።

የሥራው ቅደም ተከተል ግን ካብራራሁበት ትንሽ ይለያል፤ ይጠበቅ። መጀመሪያ ወንፊት፣ ከዚያ የጎሉ ጠጠሮችን መልቀም፣ ከዚያ ሰፌድ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ መጨረሻ ላይ። ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ብትቀንሱ ጫጫታውም አብሮ አድጎ ይጠብቃችኋል። ሲቻል ባልተጨመቀ ፋይል፣ በዋቭ ቅረጹ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የመጣ ፋይል ከመላኩ በፊት ተጨምቋል፤ መጭመቂያው ደካማ መስመሮችን ጥሎ ስለሚልክ ማጣሪያው የሚሠራበት ነገር ይጎድለዋል። ላኪውን "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ፍላሽም ቢሆን፣ የጓደኛ ኮምፒዩተርም ቢሆን። የአያቴ ተረት ዛሬ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ ምንም ያልተነካው፣ ዝናቡ እንዳለ ያለበት ነው።